ጥላቻ በስም ይጀምራል፦ ከቢላል እስከ ባርሴሎና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ ልታዩት የምትችሉት አንድ አጭር ፊልም አለ። ቀኑ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1992። ቦታው የስፔኗ ባርሴሎና፣ ውድድሩ የሴቶች 10,000 ሜትር የኦሎምፒክ ፍጻሜ። ግማሹ መንገድ ካለፈ በኋላ አንዲት ነጭ ሯጭ ከቡድኑ ተገንጥላ ትወጣለች። ኤላና ሜየር ትባላለች፤ ደቡብ አፍሪካዊት ናት። ከኋላዋ አንዲት ጥቁር ልጅ እንደ ጥላ ተለጥፋባታለች። ሜየር ብትፈጥን ትፈጥናለች፣ ብታዘግም ታዘግማለች፤ ከፊት ወጥታ መምራቱን ግን አልፈለገችም። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ልጅቷ ጥላት ሄደች። ሰዓቷ 31 ደቂቃ ከ06.02 ሰከንድ ሆኖ ተመዘገበ። የበቆጂዋ ልጃችን ደራርቱ ቱሉ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች።

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ሜየርን ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው የድሉን ዙር አብረው ሮጡ።

አሰላ ላይ ይህን ፊልም ያላየ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በቆጂ ጎረቤታችን ናት፤ ደራርቱም የአገር ልጅ ናት። ግን ብዙዎቻችን ፊልሙን ስናየው ዓይናችን የሚያርፈው ወርቁ ላይ ነው። አጠገቧ የምትሮጠው ነጭ ሴት ከምን ዓይነት አገር እንደመጣች፣ ያ እጅ ያንን እጅ ከመያዙ በፊት በመካከላቸው ምን እንደነበረ የሚጠይቅ ወጣት ጥቂት ነው። ዛሬ ይህንን እንጠይቅ። ሰው የሌላውን ዘር መጥላት እንዴት ይማራል? ከተማረውስ በኋላ እንዴት ይተወዋል? በመንገዳችን ላይ ጥቂት ፊልሞችን እናነሳለን። «የመድረሳ ልጆች ስለ ፊልም ምን አገባቸው?» የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። ሁሉንም ቁጭ ብላችሁ እዩ አላልንም፤ በውስጣቸው ያለው ታሪክ ስለሚያስፈልገን ነው።

ደቡብ አፍሪካ ከባርሴሎና በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በኦሎምፒክ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ነበር፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ያሸነፈበት ኦሎምፒክ። ከዚያ በኋላ በአፓርታይድ ሥርዓቷ የተነሳ ለ32 ዓመት በሩ ተዘጋባት። በዚህ መሀል የኛም ሯጮች ዋጋ ከፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ ደቡብ አፍሪካ ልካ ሳለ ሞንትሪያል ኦሎምፒክ ላይ እንድትሳተፍ በመፈቀዱ፣ በርካታ የአፍሪካ አገሮች አድማ መተው ወጡ። ኢትዮጵያ ከነሱ አንዷ ነበረች። ምሩፅ ይፍጠር በጉልበቱ ጫፍ ላይ እያለ ያንን ኦሎምፒክ ሳይሮጥ ቀረ፤ አራት ዓመት ጠብቆ ነው ሞስኮ ላይ 5,000ና 10,000 ሜትርን ያሸነፈው። እንግዲህ ደራርቱ የያዘችው እጅ የምሩፅን ሞንትሪያል ያስቀረው ሥርዓት ያሳደጋት ሴት እጅ ነው። የሜየር ቡድን ባርሴሎና ሲገባ እንኳ የአገሩን ባንዲራ መያዝ ስላልቻለ ለውድድሩ የተዘጋጀ ልዩ ባንዲራ ነበር የያዘው።

ያ ሥርዓት ጥላቻን በዘፈቀደ አላስተማረም፤ በሕግና በመማሪያ ክፍል ነበር ያስተማረው። እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ሰው በዘሩ ተመዘገበ፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ክልስ። ሰውየው የቱ ጋ እንደሚመደብ ሲያጠራጥር እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ሰክተው ይወድቅ እንደሆነ ያዩ ነበር። ወድቆ ከሆነ ነጭ፣ ተሰክቶ ከቀረ ሌላ። በዚህ ፈተና አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች የተለያየ ዘር ተብለው የሚለያዩበት ጊዜ ነበር። በ1953 ደግሞ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ለብቻ የሚያደርግ ሕግ ወጣ። የዚህ ሕግ ዋና ሰው ሄንድሪክ ፈርቩርድ ጥቁሩ ልጅ ከተወሰነ የጉልበት ሥራ በላይ ተስፋ እንዲያደርግ ሆኖ መማር እንደሌለበት በአደባባይ ይናገር ነበር። ነጩ ሕፃን ፊደል ሳይቆጥር የትኛው በር የሱ እንደሆነ፣ የትኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ማን እንደማይቀመጥ ያውቃል። ማንም «ጥላ» አላለውም። ለያንዳንዱ ሰው ስም ሰጥተው፣ ለያንዳንዱ ስም በር ሠርተው ነው ያሳደጉት።

ይህ ትምህርት የሚያስደነግጠው በበዳዩ ልብ ብቻ አለመቅረቱ ነው። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአገራቸው በስውር ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ካርቱም ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ሲገቡ አብራሪው ጥቁር ሆኖ አገኙት። በሕይወታቸው ጥቁር አብራሪ አይተው አያውቁም ነበርና ደነገጡ፤ «ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል?» የሚል ፍርሃት ያዛቸው። ወዲያው ግን በራሳቸው አፈሩ። የአፓርታይድን ትምህርት ሳያውቁት እሳቸውም ተምረውት ኖረዋል። ይህንን በሕይወት ታሪካቸው ላይ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ጠበቃ ነው፣ የነጻነት ትግል መሪ ነው፣ ወደኛ አገር የመጣውም ለዚያው ትግል ነው። ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚያው ዓመት ነበር። በሳቸው ልብ ውስጥ እንዲህ ተደብቆ ከተገኘ በኛስ ውስጥ ምን ተደብቆ ይሆን?

የአገራችን ሰው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው «ሳንኮፋ» በተባለ ፊልም ይህንኑ እስከ መጨረሻው ወስዶ አሳይቶታል። እዚያ ውስጥ ጆ የሚባል ክልስ ባሪያ አለ፤ እናቱ አፍሪካዊት ናት። የጌቶቹ ቄስ እናቱ አረመኔ፣ የሰይጣን ወገን መሆኗን ሲያስተምረው አድጎ በመጨረሻ የገዛ እናቱን ይገድላል። (ቄስ ያልነው ፊልሙ ላይ ስላለ ነው። የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ጥላቻ የሚያስተምር ሰው በኛም በሌላውም ዘንድ ታይቷል፤ ወደ ጎረቤት ጣት መቀሰሪያ አታድርጉት።)

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታውቁት ፊልም እንምጣ። ስፓይክ ሊ «ማልኮም ኤክስ»ን ለሕዝብ ያቀረበው ከባርሴሎና ኦሎምፒክ ሦስት ወር ቆይቶ፣ በዚያው በ1992 ኖቬምበር ላይ ነው። ማልኮም ሆኖ የተጫወተው ዴንዘል ዋሽንግተን ነው። በመካ ቀረጻ እንዲደረግለት የተፈቀደለት የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ፊልም እሱ ነው፤ ወደ ሐረም የሚገባው ሙስሊም ብቻ በመሆኑ እዚያ የቀረጹት ሙስሊም ባለሙያዎች ናቸው።

የማልኮም ታሪክ ሁለት የጥላቻ ትምህርቶች አሉት። የመጀመሪያው በሱ ላይ የተፈጸመው ነው። ሕፃን ሳለ ቤታቸው ተቃጠለ። ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ በትራም ተጨፍልቆ ሞተ፤ ቤተሰቡም ነጮች እንደገደሉት አምኖ ኖረ። ትምህርት ቤት ከክፍሉ ቀዳሚ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ጠበቃ መሆን እንደሚፈልግ ቢናገር፣ አስተማሪው ለጥቁር የሚሆነው አናጺነት ነው አለው። ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘው እስር ቤት ውስጥ ነው። ፊልሙ ላይ አንድ እስረኛ መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጥቁር» የሚለው ቃል ምን እንደሚል፣ «ነጭ» የሚለውስ ምን እንደሚል ያስነብበዋል። ጥቁሩ ጋ ቆሻሻና ክፋት ተደርድሯል፤ ነጩ ጋ ንጽሕናና ደግነት። ይህ ሰውየው የፊልሙ ፈጠራ ነው፤ ትምህርቱ ግን እውነት ነው። ማልኮም ዓይኑ ተከፈተ። ወዲያው ደግሞ በኤላይጃ ሙሐመድ ድርጅት በኩል ሌላ መዝገበ ቃላት ተሰጠው፤ እዚያኛው ላይ ደግሞ ነጭ ሁሉ በተፈጥሮው ሰይጣን ነው። የመጀመሪያውን ውሸት በሁለተኛ ውሸት ለወጠው። ያ ትምህርት ከእስልምና እንዳልሆነ ለናንተ ማብራራት አያስፈልገንም፤ ነጭ ሰው በአንድ ሳይንቲስት የተፈበረከ ፍጡር ነው የሚል ነገር በየትኛው ኪታብ አለ?

በዚያ ዘመኑ አንዲት ነጭ የኮሌጅ ተማሪ ልታገኘው መጣች። ለጥቁሮች ትግል እኔ ምን ላድርግ ብላ ጠየቀችው። «ምንም» አላት። ፊልሙ ይህንን ያሳያል፤ ልጅቷ ቆማ ትቀራለች፣ እሱ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ሐጅ አደረገ። ነጭ ቆዳና ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ሙስሊሞች ጋር ከአንድ ሳህን በላ፣ ከአንድ ዕቃ ጠጣ፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተኛ። በደብዳቤው ለወዳጆቹ የጻፈው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር አስተውሉ፦ የለወጠው ክርክር አልነበረም። በክርክር ማልኮምን የሚረታ ሰው በአሜሪካ አልነበረም። የለወጠው ማዕድ ነው፣ ምንጣፍ ነው፣ ሁሉም የለበሰው ያ ሁለት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ነው። ከሐጅ በኋላ በአፍሪካ ሲዘዋወር የኛንም አዲስ አበባ ረግጧል። በደልን ግን በደል ማለቱን አልተወም። እስከ መጨረሻው ለጥቁሮች መብት ታግሏል፤ የተወው «ዘሩ ሁሉ» የምትለዋን ነገር ነው።

የኮሌጅ ተማሪዋስ? ከመገደሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ጎርደን ፓርክስ ለሚባል ጋዜጠኛ የነገረው ስለ እሷ ነው። ያቺን ልጅ በዚያ ቃል መመለሱ እንደሚጸጽተው ተናገረ። ሊፈልጋት ጊዜ አላገኘም፤ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1965 ተገደለ። 39 ዓመቱ ነበር። አላህ ይዘንለት።

ፊልም ነገር ያሳጥራል፤ እዚህ ላይ እንድትጠነቀቁ እንፈልጋለን። በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ፊልም ውስጥ የመካው ክፍል አጭር ነው፤ ተመልካቹ ጥላቻ እንዲህ በአንድ ጉዞ የሚራገፍ ይመስለዋል። የደራርቱና የሜየር ዙርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ባርሴሎና ከመጀመሩ ወር ቀደም ብሎ ግን ቦይፓቶንግ በተባለ ሰፈር ከ40 በላይ ሰዎች በአንድ ሌሊት ተጨፍጭፈው ነበር። ዙሩ ከተሮጠ ልክ ወር ሲሞላው፣ ሴፕቴምበር 7፣ ቢሾ ላይ ወታደሮች በሰልፈኞች ላይ ተኩሰው ከ20 በላይ ሰው ገደሉ። ጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በኤፕሪል 1994 ነው። እንግዲህ ያ ዙር አገር አላዳነም። እኛ የወደድነው ሌላ ነገሩን ነው፦ ማንም ሳያዛቸው፣ ሥርዓቱ ገና ሳይፈርስ፣ ሁለት ሴቶች ተያያዙ። ማልኮም ፊልም መጨረሻ ላይ ሶዌቶ ውስጥ በአንድ ክፍል ልጆች ፊት ቆመው የሚናገሩት ሽማግሌ ማን መሰሏችሁ? ያኔ በጥቁር አብራሪ የደነገጡት ማንዴላ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ቤታችን እንመለስ። «አር-ሪሳላ»ን (ዘ ሜሴጅ የሚባለውን) ያላየ የከተማ ሙስሊም ወጣት ስንት ይሆናል? ሙስጠፋ አል-ዐቃድ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ፊልም ነው። (ዳይሬክተሩ ራሱ በ2005 ዐማን ውስጥ በሆቴል ላይ በተጣለ የአጥፍቶ ጠፊ ጥቃት ከልጁ ጋር ተገደለ፤ የእስልምናን ሰላም ለዓለም ያሳየውን ሰው «ሙስሊም ነን» የሚሉ ናቸው የገደሉት።) ያ ፊልም ሲታይ የኛ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ያለቅሳል፤ ነጃሺ ፊት የጀዕፈር ንግግር ሲሰማና የቢላል ደረት ላይ ድንጋዩ ሲጫን። ቢላል ሐበሻ ነው፤ የኛ ነው እንላለን። ልጆቻችንን በስሙ እንጠራለን፣ የመስጂድ ስም እናደርገዋለን፣ በየአዛኑ እናስታውሰዋለን።

ቢላልን ያሰቃዩት ሰዎች ግን ምን ብለው ይጠሩት ነበር? «ባሪያ»፤ «የጥቁሯ ልጅ»። ይህ ቃል ዛሬ የት ነው ያለው? ከፊልሙ ወጥታችሁ ገበያ ሂዱ። ሸክም የሚያነሳውን ልጅ በቆዳው ጥቁረት ምን ብለው እንደሚጠሩት ስሙ። ትምህርት ቤት በር ላይ ቁሙ። ትዳር ሲጠየቅ «ዘሩ ምንድን ነው?» ተብሎ በሹክሹክታ የሚጣራውን አስቡ። ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ማረሻውንና ምጣዱን እየሠሩ የሰጡን ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸውን ግን ስንቱ ይድርላቸዋል? ይህንን የምንለው ስለ ሌላ ሕዝብ አይደለም፤ ከመስጂዳችን ግቢ ውስጥ ሲባል የሰማነውን ነው።

ቃሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ታሪክ አለው። በአገራችን የባሪያ ንግድ ለዘመናት ኖሯል። ከደቡብና ከምዕራብ የተማረኩ ሰዎች በየገበያው ተሽጠው ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ተነድተዋል። ነጋዴዎቹና ገዢዎቹ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነበሩበት፤ ይህንን መሸፈን ለማንም አይጠቅምም። ባርነት በሕግ የታገደው በ1934 ዓ.ም ነው። ሕጉ ሰውየውን ነጻ አወጣው፤ ቃሉ ግን በአፍ ቀረ፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅም ተላለፈ። ልጁ ባሪያ ሲሸጥ አላየም፤ ቃሉን ግን ከነድምፀቱ ያውቃል።

በሶሐባዎች መካከልም ይህች ቃል አንድ ጊዜ አምልጣ ወጥታለች። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭቶ በእናቱ ሰደበው። በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ሰውየው በስም አልተጠቀሰም፤ ቢላል (ረ.ዐ) መሆኑን የሚገልጹ ሌሎች ዘገባዎች አሉ። ነገሩ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ አቡ ዘርን በእናቱ ሰደብከው ወይ ብለው ጠየቁት፤ ጃሂሊያ ያልለቀቀው ሰው እንደሆነም ነገሩት። አስቡት፤ የተነገረው ለአቡ ዘር ነው። ቀድመው ከሰለሙት አንዱ፣ በዛሂድነቱ የታወቀ ሰው። ሰላቱና ጾሙ አልተነቀፈም። የተነቀፈው አንዲት ቃል ነች፤ ቃሏ ውስጥ ያለው የድሮ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ጉንጩን መሬት ላይ አድርጎ ቢላልን እርገጠኝ አለው እየተባለ በየመድረኩ የሚነገረው ሰነዱ ደካማ ነው፤ ሰሒሕ በሆነው ዘገባ ውስጥ ያለው ከዚያ የበለጠ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ስለ አርሲ ሳንናገር ብናልፍ ግን ለፈሪነት ይቆጠርብናል። በ1870ዎቹ ዓ.ም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ተዋግቷል፤ የአርሲ ኦሮሞም በጦርና በጋሻ ጠመንጃን ተፋልሟል። ከሽንፈቱ በኋላ መሬቱ ተወስዶ ገበሬው በገዛ ቀዬው ገባር ሆነ፤ ሕዝቡም ራሱን በማይጠራበት የስድብ ስም ሲጠራ ብዙ ዘመን ኖረ። አኖሌ ላይ እጅና ጡት ተቆረጠ የሚለው ትዝታ ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ መጥቶ በ2006 ዓ.ም ሂጦሳ ወረዳ ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል። በዚያ ሐውልት ላይ አገር እስከ ዛሬ ይከራከራል። ክርክሩን እዚህ አንፈታውም። የኛ አቋም ይህ ነው፦ ቁስል ይነገር። የአያቱን ቁስል የማያውቅ ልጅ አያቱን አያውቅም። ነገር ግን ቁስሉ ከነዘመኑና ከነአድራጊው ሲነገር ታሪክ ነው፤ ዘመኑ ወጥቶ፣ የአድራጊው ስም ወጥቶ፣ በምትኩ ጎረቤት ያለው ባለ ሱቅ ስም ሲገባበት ያ የማልኮም ሁለተኛ መዝገበ ቃላት ነው። አርሲ ተወልዶ፣ አርሲ አድጎ፣ ኦሮምኛውን እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ሰው «መጤ» ሲባል ሰምተናል። በሌላ ወገን ደግሞ ኦሮሞውን በዚያ በድሮው ስም በጓዳ የሚጠራ አሁንም አለ። ሁለቱም ቤት ውስጥ የሚያዳምጥ ሕፃን አለ።

ቃል ብቻ ነው አትበሉ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በኦሮሚያ ከ120 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። ከተጎዱት አካባቢዎች ውስጥ የኛ አርሲና ምዕራብ አርሲ ነበሩበት። በማንነታቸው ተመርጠው የተገደሉ ነበሩ፤ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የሞቱም ነበሩ። ጎረቤቱን በጓዳው ደብቆ ያሳደረም ነበር። አብረው ኳስ የተጫወቱ ልጆች አንዱ የአንዱ ቤት ሲቃጠል የቆሙበት ቀን ነው። ያ ቀን በአንድ ሌሊት አልተፈጠረም። ዓመታት የፈጀ የስም ትምህርት ቀድሞት ነበር፤ ያን ጊዜ መምህሩ አያት ብቻ ሳይሆን ስልክም ነበር። ዛሬም ነው። የሰላሳ ሰከንድ ቪዲዮ አንድን ሕዝብ በአንድ ቃል ጠርቶ ያልፋል፤ እኛም ስቀን ለጓደኛ እንልካለን።

አርሲ ግን ጥላቻን የሚያስቆም መሣሪያም አላት። አንዲት የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ ስንቄ የሚባል ዘንግ ትቀበላለች። ወንዶች ሊጋደሉ ሲሰለፉ ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው እየጮሁ ወጥተው መሀል ይቆማሉ። ስንቄ የያዘችን ሴት አልፎ መምታት ትልቅ ነውር ነው፤ ጠቡ እዚያው ይቆማል፣ ነገሩ ለሽማግሌ ይሄዳል። (ከአቴቴ ሥርዓት ጋር የሚነሳውን የዐቂዳ ጉዳይ ዑለማዎቻችን ያዩታል፤ እዚህ የምናወራው ስለ ማስታረቁ ነው።) እነዚያ እናቶች ለተሰለፉት ወንዶች ስለ ዘር እኩልነት ትምህርት አይሰጡም። ገላቸውን መሀል ያስገባሉ።

ማልኮምን የለወጠው ማዕድም፣ የባርሴሎናው ዙርም ከዚህ የራቀ አይደለም። በቆጂ ሜዳ ላይ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው ይህንን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም የሚያሳየው ያንን ሜዳ ነው። ደራርቱም፣ በአትላንታ ማራቶን ወርቅ ያመጣችው ፋጡማ ሮባም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም የወጡት ከዚያች አንዲት ከተማ ነው። በቡድን ስትሮጥ የፊተኛው ንፋሱን ይከፍልልሃል፤ ቀጥሎ ተራው ያንተ ነው። የማን ልጅ እንደሆነ ለመጠየቅ ትንፋሽም አይተርፍህ።

የአቡ ዘርን ነገር እንጨርስ። ዓመታት አልፈዋል። አል-መዕሩር የሚባል ሰው ረበዛ በተባለ ቦታ አቡ ዘርን አገኘው። አቡ ዘር የለበሰው ልብስና አገልጋዩ የለበሰው ልብስ አንድ ዓይነት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ጌታና አገልጋይ በልብስ ይለያሉ። ሰውየው ምክንያቱን ጠየቀው። አቡ ዘርም ያቺን የስድብ ቀን አልደበቀም፤ አንድን ሰው በእናቱ እንደሰደበ፣ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምን እንዳሉት ነገረው። በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው፣ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው፣ የማይችሉትን አታሸክሟቸው፣ ካሸከማችሁም አግዟቸው የሚለውን ትእዛዝ የሰማው በዚያ ቀን ነበር። ልብሱን እኩል ያደረገው ለዚህ ነው።

ወላሁ አዕለም።